ፎርጅድ፣ አምሳያ፣ እድሳት፦ የእጅ ሰዓት እንደ ታሪክ ማስረጃ

(በመቐለ ከተማ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርዕሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት መስማት የለመደ ጆሮ፣ ስለ እጅ ሰዓት፣ ያውም የጥንት መልክ ይዘው ስለሚሠሩ ሰዓቶችና በትርፍ ጊዜ በየቤቱ ስለሚደረግላቸው ጥገናና ለውጥ ሲነገረው «ይህ የታሪክ ጉዳይ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሴ አዎን የሚል ነው። ምክንያቱንም ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በገበያችን ቋንቋ ሰዓት ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ኦሪጅናል ወይም ፎርጅድ። ይህ አከፋፈል ለገዥና ለሻጭ ይበቃ ይሆናል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። እኔ አራት ዓይነት ሰዓቶችን ለይቼ አያለሁ። አንደኛው ፎርጅድ ነው፤ የሌላውን ስም ለብሶ ራሱን የሚደብቅ ሰዓት። ሁለተኛው አምሳያ ነው፤ የቀድሞ ዘመን ሰዓት መልክ ይዞ፣ ነገር ግን በራሱ ስም ወይም ያለ ስም የሚሠራ። ሦስተኛው የታደሰ ሰዓት ነው፤ ያረጀው ክፍል በሌላ ተተክቶለት የቀጠለ። አራተኛው የተለወጠ ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ ለራሱ ኑሮ እንዲመች አድርጎ ያሻሻለው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይህ ነው፦ አንድን ሰዓት ለታሪክ ታማኝ ምስክር የሚያደርገው በገጹ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም፤ የደረሰበትን ለውጥ ሳይሸሽግ መናገር መቻሉ ነው።

፩. ሰዓት ሳይመጣ የነበረ ሰዓት

የአውሮፓ ሰዓት ወደዚህ ምድር ሲገባ ባዶ ቤት አላገኘም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ሌሊትና ቀን ተደምረው በ60 ኬክሮስ ይከፈላሉ። አንዱ ኬክሮስ ዛሬ 24 ደቂቃ የምንለው ነው። ከዚያ በታች ካልዒት፣ ሣልሲት እያለ በስድሳ በስድሳ ይወርዳል። የግእዝ መጻሕፍት ከዚህ ሌላ የጥላ መለኪያ ሠንጠረዦችም አሏቸው። ሰው ቆሞ የራሱን ጥላ በእግሩ እየለካ፣ ወሩንም ከግምት አስገብቶ፣ ከቀኑ ስንተኛው ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት እነዚህን ሠንጠረዦች በዝርዝር መርምሯቸዋል። ሰዓት የሚለው ቃል ራሱ የግእዝ ቃል ነው። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታት በገዳማቱ ሲጸለይበት የኖረው በአገሩ የእጅ ሰዓት ከመታየቱ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው።

ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የመቁጠራችን ልማድም የዘፈቀደ አይደለም። መቐለ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ከሩብ ያህል ሲሆን፣ ረጅሙ ደግሞ 13 ሰዓት ለመሙላት ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩታል። ንጋት በክረምትም በበጋም ከቦታው እምብዛም ስለማይርቅ «ጠዋት አንድ ሰዓት» ማለት ዓመቱን ሙሉ ትርጉም ያለው ንግግር ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን የክረምቱና የበጋው ንጋት በብዙ ሰዓታት ስለሚራራቁ እንዲህ ያለ አቆጣጠር በመካኒካል ሰዓት ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ በአገራችን በሰዓት ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ለውጥ በወረንጦ የተደረገ አይደለም። የአነባበብ ለውጥ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሌላ አቆጣጠር የተሠራውን ማሽን ባለቤቱ ስድስት ሰዓት አዙሮ የራሱ አደረገው። አንዱ ቆጣሪውን ራሱን አዞረ፤ ሌላው ቆጣሪውን እንዳለ ትቶ ተቃራኒውን ቁጥር አነበበ። ሁለቱም ልማዶች እስከ ዛሬ አብረውን አሉ።

፪. ቀኑ የሚለወጠው መቼ ነው?

ነገሩ የሚወሳሰበው ሰዓቱ የቀን መቁጠሪያ መስኮት ሲኖረው ነው። ከገጹ ሥር ከ1 እስከ 31 የተጻፈበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዘላል፤ የሚዘለውም ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ፈረንጁ ይህን ያደረገው ቀኑ በእኩለ ሌሊት እንዲለወጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሞላነው ሰዓት ግን 12 የሚለው ወይ ማለዳ ነው፣ ወይ ምሽት። ቀለበቱ በማለዳ እንዲዘል ካደረግነው ቀኑን ከንጋት የሚጀምረውን የሕዝቡን የዕለት ልማድ ተከተልን። በምሽት እንዲዘል ካደረግነው ዋዜማን የዕለቱ መግቢያ የምታደርገውን የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ተከተልን። በእኩለ ሌሊት ማለትም በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንዲዘል የፈለገ ደግሞ ገጹን ከፍቶ የሰዓት ቆጣሪውን መንቀልና በተቃራኒው አቅጣጫ መልሶ መትከል ይኖርበታል። ቤቱ ተቀምጦ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው ሳያስበው ከሦስት የዘመን አረዳዶች አንዱን ይመርጣል።

የወሩም ነገር እንዲሁ ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው ቀለበቱን በእጁ የሚያስተካክለው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ 31 ከማይሞሉት አምስት ወራት በኋላ። የእኛ ወሮች ሁሉ 30 ስለሆኑ በ12ቱ ወር መጨረሻ፣ ከዚያም በጳጉሜን ፍጻሜ፣ በጠቅላላው 13 ጊዜ ማስተካከል ግድ ይላል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ተማሮ ቀለበቱን ጨርሶ ይተወዋል። አንድ አሮጌ ሰዓት ሲቀርብልኝ ከማያቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። የመሙያው ራስ ከልክ በላይ ተበልቶ፣ የቀን ማስተካከያው ጥርስ አልቆ ካገኘሁት ባለቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመኖር የታገለ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ከፎቶግራፍና ከቤተሰብ ትረካ ጋር ሲገጥም የሚናገረው አለው።

፫. የመሣሪያው ስሞች

መቐለ ውስጥ የእጅ ሙያ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የተገናኘበት ታሪክ ረጅም ነው። የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዘመን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ ሥራውን የመራው ጂያኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጢ ነበር። ድንጋዩና እንጨቱ ግን የአገሩ፣ አብዛኛው እጅም የአገሬው ሰው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ከአሥመራ ጋር በነበረው የቅርብ ግንኙነት፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ በኋላም ባሉት ዓመታት፣ የጥገና ሙያ ቋንቋ የጣሊያን ቃላትን ተሞላ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቪቴ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ከእነዚህ ቃላት ይበልጥ የሚገርመኝ «ሞላ» የሚለው ነው። ሞላ ማለት በጣሊያንኛ ተጠምዝዞ ኃይል የሚያጠራቅመው ብረት ነው። ሰዓትን የሚያስኬደው ልብ ይኸው ሞላ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሰዓት «ይሞላል»፤ ሰው ማታ ሲተኛ ሰዓቱን ሞልቶ ያድራል። ሁለቱ ቃላት በሥር አይዛመዱም፤ በድምፅ ግን ገጥመው፣ በሰዓት ሠሪው አፍ ውስጥ አንድ ሆነዋል። «ሞላው አልሞላ አለ» ሲል የትኛው ጣሊያንኛ፣ የትኛው አማርኛ እንደሆነ መለየቱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ይህንን የጠቀስኩት ለጨዋታ አይደለም። በቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን በመስታወት ሣጥን ፊት ተቀምጠው፣ ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሚሠሩት ሰዓት ሠሪዎች እውቀታቸው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ እንጂ በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም። የሙያቸው ታሪክ ያለው በሚጠሩት ቃል፣ በሚጠግኑት ሰዓት ውስጥና በሣጥናቸው በተጠራቀመው ትርፍ ዕቃ ነው። ዛሬ በየቤቱ በትርፍ ጊዜያችን ሰዓት የምንፈታ ሰዎች የእነርሱ ደቀ መዛሙርት ነን።

፬. ቅጂ አዲስ ነገር አይደለም

የሰዓት ቅጂ የዘመናችን ገበያ የወለደው ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ሰዓት በዝና አንደኛ ስለነበር በአህጉሩ ተሠርተው «ለንደን» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ሰዓቶች ገበያውን ሞልተውት ነበር። አንዳንዶቹ ጨርሶ ያልነበረ የእንግሊዝ ሰዓት ሠሪ ስም ይይዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ደግሞ ጆርጅ ፍሬደሪክ ሮስኮፍ 57 ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ 20 ፍራንክ የሚሸጥ ሰዓት ለሠራተኛው ሕዝብ አቀረበ። ሰዓቱ ተወዳጅ ሲሆን ወዲያው ተቀዳ፤ «የሮስኮፍ ሥርዓት» የሚል ጽሑፍ የለበሱ፣ ሮስኮፍ ግን ያላያቸው ሰዓቶች በየአገሩ ተሰራጩ። ድሃው የዓለም ክፍል ሰዓት ያሰረው በአመዛኙ በእነዚህ ቅጂዎች አማካይነት ነው።

በዚህ መካከል ለመመደብ የሚያስቸግሩም አሉ። ቻይና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለአየር ኃይሏ የሩጫ ሰዓት ያለው የእጅ ሰዓት ለመሥራት ስትነሣ የቲያንጂን ፋብሪካ ቬነስ 175 የተባለውን የስዊዝ ማሽን መሥሪያ መሣሪያ ገዝቶ ነበር። ከዚያ የወጣው ማሽን ዝርያ ዛሬም ይሠራል፤ የ1963 መልክ በያዙ አዳዲስ ሰዓቶች ውስጥም ይገኛል። ይህ ቅጂ ነው ወይስ ወራሽ? በኪስ ሰዓት ማሽንነት የተወለደው የስዊዙ ዩኒታስ 6497ም እንዲሁ በቻይና አምሳያ አለው። ስፋቱ 36.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ክፍሎቹም ትላልቅ ስለሆኑ፣ በቤቱ ሰዓት መፍታት ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ለማግኘት ይከብዳል። እኔም የተማርኩት በእርሱ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ስለ ቅጂ ለመነጋገር ወደ ቲያንጂን መሄድ አያስፈልገንም። የአሞሌ ጨው በሚራገፍበት በዚህ ከተማ ገበያ ለብዙ ጊዜ ሲመነዘር የኖረውን ጠገራ ብር አስታውሱ። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። አባቶቻችን በእጃቸው ይዘውት የነበረው ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት አለው፤ አብዛኛው ግን ከሞተች ከአሥርተ ዓመታት፣ እንዲያውም ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታ ነው። ሮም ከ1935፣ ለንደን ከ1936 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ሕዝቡ ይህን ብር ሐሰተኛ አላለውም። ዘውዷን፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ፣ ክብደቱን መርምሮ ተቀበለው። ጣሊያን በ1918 (እ.ኤ.አ.) የሚመስለውን ነገር ግን ያልሆነውን የራሷን ታለር አውጥታ ስታቀርብ ግን ገበያው አልተቀበለውም። አባቶቻችን በእድሜ ሐሰተኛ በሆነ፣ በሚዛንና በመልክ ግን ታማኝ በሆነ ቅጂና ሊያታልል በመጣ ቅጂ መካከል ልዩነት አድርገዋል። እኔ ዛሬ ስለ ሰዓት የምለው ከዚህ የሚያልፍ አይደለም።

፭. በቤት ጠረጴዛ ላይ

በቤት ውስጥ የሚደረገው ሥራ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። መጀመሪያ የጀርባው ክዳን ይከፈታል፤ ቀጥሎ መሙያው ይነቀልና ማሽኑ ከቀፎው ይወጣል። ቆጣሪዎቹ፣ ገጹ፣ ከዚያም ጥርሶቹ በየተራ ይፈታሉ። ሁሉም በቤንዚን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ምሰሶው በድንጋይ ላይ በሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ብቻ በመርፌ ጫፍ ዘይት ይነካል። ዘይት ማብዛት አለማድረግን ያህል ጥፋት ነው፤ በከተማችን ደረቅ አቧራ ላይ የበዛ ዘይት ሲጨመርበት ጭቃ ይሆናል። ብዙዎቹ የአሁን ማሽኖች በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፤ በአንድ ቀን 518,400 ምት ማለት ነው። በቀን አሥር ሴኮንድ የሚያጠፋ ሰዓት ከ8,640 ሴኮንድ አንዱን ብቻ የሳተ ነው። ይህን ያህል ትዕግሥት በእጁ ያለፈበት ሰው «ሰዓቱ ይሳሳታል» ከማለቱ በፊት ትንሽ ያስባል።

ለውጡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ገጹን በግእዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፲፪ ያስጽፋል። ሌላው ቆጣሪውን ይለውጣል፤ ሌላው የቆዳ ማሰሪያ ያሰፋለታል። አዲሱን ገጽ አሮጌ ለማስመሰል በቡና ወይም በሻይ የሚያጠይሙም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰዎች የሚመስሉት ያ ቢጫማ ወይም ቡናማ ቀለም በጥንቱ ሰዓት ላይ የመጣው ብዙ ጊዜ በጨለማ እንዲያበራ ከተቀባ ራዲየም ነው። በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ ይህን ቀለም የቀቡ ወጣት ሴቶች መንጋጋቸው እየረገፈ ሞተዋል። ራዲየም 226 በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ገጹ ማብራቱን አቆመ ማለት ጨረሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ያለቀው አብሮት የተቀባው አብሪ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ፣ ቁጥሮቹ በወፍራም ቀለም የተቀቡ ሰዓት ከአያታችሁ ሣጥን ብታገኙ ገጹን አትፋቁ፣ አትጠቡ፣ ልጆች ባሉበት ክፍል አትክፈቱት። ተዘግቶ ይቀመጥ። አምሳያ የሚሻልበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ የዛሬው የሚያበራ ቀለም ጨረር የለውም።

፮. ባትሪ ያለቀበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሞላ ያለው ሰዓት ያለፈበት ዕቃ ተደርጎ ተቆጠረ። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ድንጋይ ከማንኛውም ሞላ ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከ1970 በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ውስጥ በስዊዘርላንድ የሰዓት ሥራ ይተዳደር የነበረው 90 ሺህ ያህል ሠራተኛ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። ቀጥሎ ተንቀሳቃሽ ስልክ መጣና የኳርትዙንም ቦታ ወሰደ። በክፍሌ የሚቀመጡ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሰዓት የሚያዩት ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በዚህች ከተማ ለጥቂት ጊዜ ተገልብጧል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስከተፈረመበት ቀን ድረስ ባሳለፍነው ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ የተቋረጡባቸው ረጅም ወራት እንደነበሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚያ ዘመን ስለ ሰዓት ማውራት ከነበረው ረሃብና ሐዘን ፊት ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን የታሪክ ማስረጃ ትንሹንም ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ሞተ፤ ከእርሱ ጋር ሰዓቱም ሞተ። የኳርትዙ ባትሪ ሲያልቅ ምትክ አልተገኘም። የቀረው የሚሞላው ነበር።

የእጅ ሰዓቴን የማመሳክርበት ሬዲዮም ስልክም ስላልነበረኝ ወደ ጥላ ተመለስኩ። ጥላ በጣም የሚያጥርበት ቅጽበት እውነተኛው ቀትር ነው። መቐለ የምትገኝበት ኬንትሮስ ለአገሪቱ ሰዓት መሠረት ከሆነው 45 ዲግሪ ወደ ምዕራብ አምስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚርቅ እዚህ ቀትር በአማካይ ስድስት ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ላይ ይውላል። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ስድስት ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይቀርባል፤ በየካቲት መግቢያ ደግሞ ወደ ስድስት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይዘገያል። በግቢዬ ያቆምኩት ቀጥ ያለ እንጨትና የሚሞላው ሰዓቴ ተደጋግፈው አብረው ቆዩ። የግእዝ ጥላ ሠንጠረዥ ለእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙዚየም ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

፯. የትኛው ነው ኦሪጅናል?

ከስምምነቱ በኋላ ሰዓት እንደምጠግን የሚያውቁ ጎረቤቶች አሮጌ ሰዓቶች ያመጡልኝ ጀመር። አብዛኞቹ ስለ ዋጋ የሚጠይቁ አልነበሩም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ እኔ አደይ የምላቸው፣ ያመጡልኝ ሰዓት ታላቅ የስዊዝ ስም የተጻፈበት፣ ከጥቂት ብር የማይበልጥ ፎርጅድ ነበር። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ባትሪው ፈስሶ ማሽኑን በልቶታል። የልጃቸው ነበር፤ ልጁ አልተመለሰም። «አደይ፣ መስታወቱን ልቀይረው?» አልኳቸው። «እንዲሄድ ብቻ አድርገው፤ እርሱ የሰበረውን ግን አትንካው» አሉኝ። ማሽኑን ቀየርኩት፤ የተበላውን አሮጌ ማሽን በወረቀት ጠቅልዬ፣ የተቀየረበትን ቀን ጽፌ፣ አብሬ መለስኩላቸው። ያ ሰዓት በገበያ ቋንቋ ፎርጅድ ነው። በታሪክ ቋንቋ ግን ከእርሱ የበለጠ ኦሪጅናል አላየሁም።

በሌላው ጫፍ ያለውን እንመልከት። ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው ማጣቀሻ ቁጥሩ 2497 የሆነ ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያለው የወርቅ ሰዓት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በተነሣ የባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ተነሣ፤ በ2017 ግን ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። በዚያ ሰዓት ላይ ክርክሩ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ የሚል አልነበረም። ክርክሩ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ፣ በምን መንገድ ሄደ የሚል ነበር። የአንድ ዕቃ እውነተኛነት ከፋብሪካው ሲወጣ አያልቅም፤ በየእጁ ሲያልፍም ይቀጥላል።

አሁን በከተማችን የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። ከጦርነቱ የተረፈው የቤተሰብ ዕቃ ጥቂት ነው። ያ ጥቂት በሁለት በኩል ሊጠፋ ይችላል። አንደኛው በቅን ልብ በሚደረግ እድሳት ነው፤ የጀርባው ክዳን ሲያብረቀርቅ የተቀረጸው ስምና ዓመት አብሮ ይፋቃል፤ የደበዘዘው ገጽ በአዲስ ሲቀየር አሮጌው ይጣላል። ሁለተኛው በገበያ ነው፤ ትናንት በቡና የጠየመ አምሳያ ነገ «የአያቴ ነበር» ተብሎ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን የአያት ሰዓት የሚያምነው አይኖርም።

ሕጉ ከፊሉን ይሸፍናል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሌላውን ምልክት አስመስሎ መነገድን ይከለክላል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ለቅርስ ጥበቃ ቆሟል። በሁለቱ አዋጆች መካከል ግን የቤታችን ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ያለው ዳኛ ራሳችን ነን። ስለዚህ ለራሴ ያወጣኋቸውንና ለተማሪዎቼም የማስተምራቸውን አራት ነገሮች ልናገር።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ከመከፈቱ በፊት ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ይነሣ፤ ባለቤቱ ስለ ሰዓቱ የሚያውቀው በራሱ ቃል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተነቀለ ነገር አይጣል፤ ስንጥቅ መስታወትም፣ የተበላ ጥርስም፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ቀኑ ይጻፍበትና ከሰዓቱ ጋር ይመለስ። ሦስተኛ፣ ስም፣ ዓመትና ጽሑፍ ያለበት ብረት አይፈተግ። አራተኛ፣ አዲስ የሠራነው ወይም የለወጥነው ሰዓት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሠራውን ሰው ስምና ዓመቱን ይያዝ፤ የሌላ ሰው ስም ከቶ አይጻፍበት። በጥንቱ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ በክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ምልክትና ቀን መጫር የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ አሮጌ ሰዓት ከፍቼ እነዚያን ጭረቶች ሳይ ከእኔ በፊት ሦስት፣ አራት ሰው በዚህ ሰዓት ላይ አጎንብሶ እንደነበር አውቃለሁ። እኛም የራሳችንን ጭረት እንተው።

የታሪክ ክፍላችን ሥራ በብራናና በሐውልት ብቻ የሚወሰን እንዳይሆን እመኛለሁ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲቸግራቸው ወደ ገበያ ይውረዱ፤ የሰዓት ሠሪዎቻችንን ሣጥን፣ ቃላትና ትረካ ይመዝግቡ። እነዚህ ባለሙያዎች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ሙያውን አልያዙም። መዝገቡ ካልተጀመረ ሣጥኑ ከባለቤቱ ጋር ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረን በገጻቸው ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ፣ እንዳየነው፣ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም።